ዓይን ላይ የምታርፍ መነጽር



የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለዕረፍት ስትመጣ መነጽሯን አላየሁባትም። «ዓይንሽ ዳነ እንዴ?» ብላት ሳቀች። ለካ ኮንታክት ሌንስ አድርጋ ኖሯል! እናቷም፣ «አይዞህ መምህር፣ ግቢያቸው ውሃ ሞልቷል፤ በደንብ ታጥባታለች» አሉኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ውሃው ነው።

ኮንታክት ሌንስ ስስ ፕላስቲክ ናት። በቀጥታ ዓይን ላይ ታርፋለች። በዓይናችን ፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የጠራ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ታዲያ በምን ይተነፍሳል? በእንባ በኩል ከአየር ነው። ስንተኛ ዓይናችን ይከደናል፤ አየሩም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሌንስ ሲጨመር ኮርኒያው ይታፈናል፤ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ተማሪ ደግሞ በፈተና ሰሞን ደብተሩን እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሌንስ አድርጎ የሚተኛ ሰው ዓይኑ በጀርም የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይጨምራል።

ወደ ውሃው እንመለስ። ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ለሌንስ አይሆንም። አካንታሚባ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ ረቂቅ ተሐዋሲ አለች። በቧንቧም በወንዝም ውሃ ትገኛለች። ብንጠጣት ብዙ ጊዜ ምንም አታደርገንም። ሌንስ ላይ ተጣብቃ ዓይን ከገባች ግን ኮርኒያውን ትበላለች። ሕመሙ ብርቱ ነው። ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገላ ሲታጠቡም ሲዋኙም ሌንስ ይወልቃል። በምራቅ አርሶ የሚመልሳትም አለ፤ አፍ ስንት ጀርም እንደሚይዝ ረስቶ!

ሌንስ የሚነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ይደርቃል። ሌንሷ በራሷ ማጠቢያ ፈሳሽ መዳፍ ላይ ትታሻለች፤ ትለቀለቃለች። የትናንቱ ፈሳሽ ይደፋል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም። ፈሳሹ በገንዘብ የሚገዛ ነውና ተማሪ ቢቆጥብ አልፈርድበትም። ግን ያደረ ፈሳሽ ጀርም የመግደል ኃይሉ ይደክማል። ማስቀመጫዋም በየ3 ወሩ ትለወጣለች። ለሠርግ ብለው ባለቀለም ሌንስ የሚዋዋሱ ጓደኛሞችም አሉ። የጥርስ ብሩሽስ ይዋዋሳሉ?

ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስፈራው ወይም ከደበዘዘ ሌንሷ ወዲያው ትውለቅ። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ሌንሷ ግን አትጣል። ከነማስቀመጫዋ ትወሰድ፤ ሐኪሙ ጀርሙን እዚያ ላይ ሊያገኘው ይችላል።