ከበስተጀርባ የላክነውን ሥራ እንቁጠር

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችን የብዙ ሕሙማንን የምርመራ መረጃ በኮምፒዩተር ስናጣራ፣ አንዱ ፋይል እስኪያልቅ ሌላውን ማቆየት ጊዜ ማባከን መሆኑ የታወቀ ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ሼል በትእዛዙ መጨረሻ የ& ምልክት ብናኖር ሥራው ከበስተጀርባ ይሄዳል፤ ስክሪፕቱም ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስክሪፕቱ ገና ያልተጠናቀቀውን ውጤት ደምሮ «ተፈጸመ» ሊል ይችላል። ስለሆነም ከመደመሩ በፊት «ዌይት»፣ ማለትም ጠብቅ፣ የሚለው ትእዛዝ መግባት አለበት። ይሁን እንጂ ዌይት ቁጥር ካልተሰጠው ሁሉም እስኪያልቁ ይጠብቃል እንጂ ያልተሳካውን አይናገርም፤ የሚመልሰው 0 ነው። እያንዳንዱ ሥራ እንደተነሣ መለያ ቁጥሩን ከ$! ወስደን ብንይዝና ዌይትን በየቁጥሩ ብንጠይቅ ግን የየራሱን ውጤት ይነግረናል፤ 0 ደኅና ነው፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልተሳካም ማለት ነው።

ሥራ ማቋረጥ ሲያስፈልግም በ«ኪል» አስቀድሞ ምልክት 15 ይላክ፤ ይህ ፕሮግራሙ የጀመረውን አስተካክሎ እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል። ምልክት 9 ፋታ አይሰጥምና የመጨረሻው ይሁን።

አንድ ፋይል ከቆጠራው ቢጎድል የጎደለው አንድ በሽተኛ ነውና፣ የላክነው ሁሉ መመለሱን ሳናረጋግጥ ውጤት አናውጣ እንላለን።