ሞተር በተፈታ ጊዜ ብሮንዚን ይቀየር ወይስ ይቆይ? በደቡብ ጎንደር ደጋማ መንገዶች ለሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች የውሳኔ መነሻዎች

መግቢያ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ አንድ ሞተር ለቴስታታ ጋስኬት፣ ለፋሻ ወይም ለፍሪሲዮን ጥገና ሲፈታ የክራንክ ሻፍቱ (የኮሎው) ብሮንዚን አብሮ ይቀየር አይቀየር የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ተቃራኒ አካሄዶች አሉ፤ አንደኛው ከተፈታ አይቀር ይቀየር፣ ሁለተኛው ካላንኳኳ አይነካ የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም በቂ እንዳልሆኑ፣ ውሳኔው ሞተሩ በተፈታበት ምክንያትና በልኬት ላይ መመሥረት እንዳለበት ያብራራል።

የብሮንዚን አሠራር

ብሮንዚን የብረት ጀርባ ያለው ሲሆን በላዩ የመዳብና የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየም ቅይጥ ይለበጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ በላይ እጅግ ስስ የሆነ ለስላሳ ሽፋን ይኖረዋል። ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ብሮንዚኑና የክራንክ ሻፍቱ አንገት በዘይት ሽፋን ተለያይተው ይኖራሉ። ለ50 ሚሊ ሜትር አንገት የተለመደው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ በጎን ይፈስሳል፤ ግፊቱም ይወርዳል። መንኳኳት የሚሰማው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ በመሆኑ ድምፅን መጠበቅ ክራንክ ሻፍቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የአካባቢው ጫና

መንገዱ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከወረታ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ወዳላት ደብረ ታቦር ይወጣል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም፤ ጥቀርሻውም ወደ ዘይቱ ይገባል። ከባድ ጭነት ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት መግፋት ደግሞ ጫናውን ከፍ፣ ዙሩን ዝቅ በማድረግ የዘይቱን ሽፋን ያሳሳል። በማለዳው ብርድ የወፈረ ዘይትም ሞተሩ ሲነሣ ወደ ብሮንዚኑ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ መወሰን አያስተማምንም።

እንደ ጥገናው ዓይነት መወሰን

ጋስኬቱ ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት ካልተቀላቀለ፣ የሞቀ ሞተር የዘይት ግፊትም በአምራቹ ወሰን ውስጥ ከሆነ፣ የታችኛውን ክፍል መፍታት አያስፈልግም፤ ያለ በቂ ምክንያት መፍታት ቆሻሻ የማስገባት አደጋ አለው። ውሃ ከዘይት ከተቀላቀለ ግን የዘይቱ የማለስለስ አቅም ስለሚቀንስ ብሮንዚኑን አውጥቶ መመርመር ግድ ነው።

ፋሻ ሲቀየር የቢዬላው ካፕ መፈታቱ ስለማይቀር ልኬት ለመውሰድ አመቺ ጊዜ ነው። ፍሪሲዮን ሲቀየር ደግሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ የወደ ፊትና የወደ ኋላ እንቅስቃሴው መለካት አለበት።

ልኬት

የአንገቱ ውፍረት በማይክሮ ሜትር፣ ክፍተቱ ፕላስቲጌጅ በተባለው ቀጭን የፕላስቲክ ክር ይለካል። ክሩ አንገቱ ላይ ተቀምጦ ካፑ በታዘዘው ልክ ይጠብቃል፤ ተፈትቶም የተዳመጠው ክር ስፋት ይነበባል። ልኬቱ በወሰን ውስጥ ከሆነና ብሮንዚኑ ካልተጫረ ወደ ነበረበት ቦታና አቅጣጫ ሊመለስ ይችላል። መዳቡ ከታየ ወይም ከተጫረ ግን መቀየር አለበት። አንገቱ ሞላላ ከሆነ አዲስ ብሮንዚን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ክራንክ ሻፍቱ ተሞርዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ያነሰ አንገት የሚስማማ ብሮንዚን ይገባለታል።

ማጠቃለያ

መለዋወጫ ከባሕር ዳር ማምጣት ካስፈለገ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ የባለቤቱ ገቢ ይቋረጣል። ያለ ልኬት መቀየር ገንዘብን፣ ያለ ልኬት መተው ደግሞ ክራንክ ሻፍትን ሊያሳጣ ይችላል። ጋራዦች በእያንዳንዱ ጥገና የወሰዱትን ልኬት ከኪሎ ሜትሩ ጋር ቢመዘግቡ ቀጣዩን ውሳኔ ያቀልላሉ፤ በደጋማ መንገዶች ላይ ስለሚደርስ የሞተር ብልሽት ለሚያጠኑም አስተማማኝ መነሻ ይሰጣሉ።