በስሌት የሚጠበቀው «ድንገተኛ» ሞገድ

በሲድኒ ዙሪያ ባሉት ቋጥኛማ የባሕር ዳርቻዎች ላይ ባሕር ዓሣ አጥማጅ በወሰደ ቁጥር ዜናው አንድ ዓይነት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የተኛ እንደነበር ይነገራል፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ግዙፍ ሞገድ ተነሥቶ ሰውየውን ጠራርጎ እንደወሰደው ይተረካል። ጉዳዩ የዕድል ነገር ሆኖ ይዘጋል። በዓመቱ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቋጥኝ፣ ያው ዜና።

ይህ አዘጋገብ ሊታረም ይገባል። ፊዚክሱ ስሕተት መሆኑ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ነገሩ ዕድል ነው ከተባለ ጥንቃቄ ትርጉም የሚያጣ መሆኑ ነው። ሰዎችን ከዓለት ጫፍ የሚጠርገው ሞገድ በአብዛኛው ከየትም አልመጣም። በዚያ ቀን በዚያ ባሕር ላይ ሊኖር የሚገባው፣ መጠኑም በየስንት ጊዜው እንደሚመጣም በግምት የሚሰላ ተራ ሞገድ ነው።

ነፋስ ውኃ ላይ ሲነፍስ ሞገድ ይፈጠራል፤ ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና ሰፊ ውኃ ባገኘ ቁጥር ሞገዱ ያድጋል። እዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ስሕተቱ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው።

በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በላንጋኖ ዳርቻ ያደገ ሰው ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ነፋስ ሲተኛ ውኃውም ይተኛል። ለሐይቅ ሕጉ ትክክል ነው። ከኢትዮጵያ ሐይቆች የሚሰፋው ጣና እንኳ ከዳር እስከ ዳር መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ነፋሱ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ፈጥኖ የሚሞት ነው። ዛሬ ግን በሜልበርንና በሲድኒ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከመካከላቸው ቅዳሜና እሑድ ዘንግ ይዞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው የሐይቁን ሕግ ይዞ ቢወርድ የሚያታልለው ይኸው እውቀቱ ነው። ውቅያኖስ ላይ፣ እዚህ ያለው ነፋስና እዚህ የሚደርሰው ሞገድ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

መርከበኞች ስዌል የሚሉት የሩቅ ሞገድ ከወለደው አውሎ ተለይቶ ብቻውን ይጓዛል። ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ እሱም የሞገዱ ጊዜ ነው፤ አንድ የሞገድ አናት ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ የሚቆጠረው ሰከንድ ማለት ነው። በጥልቅ ባሕር የ6 ሰከንድ ሞገድ ከአናት እስከ አናት 56 ሜትር ያህል ነው። የ16 ሰከንዱ ግን 400 ሜትር ይሆናል። ጉልበቱም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በቀን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ከአውስትራሊያ በስተደቡብ 2,500 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ አውሎ ሞገዱን ሁለት ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ሲድኒ ያደርሰዋል። እዚያ ደግሞ ፀሐይ ትወጣ ይሆናል።

ርቀቱ የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያደረጉት ጥናት አለ። ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ መለኪያ ዘርግተው፣ በደቡቡ ውቅያኖስ የተነሡ አውሎዎች የላኩት ሞገድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አላስካ ሲደርስ መዝግበዋል። መንገድ ላይ የጠፋው ጉልበት አስገራሚ በሆነ ሁኔታ ትንሽ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ረጅም ጊዜ ያለው ሞገድ ከአጭሩ ይፈጥናል። ስለዚህ ከሩቅ አውሎ መጀመሪያ የሚደርሱት ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ሲደርሱም ብዙውን ጊዜ ዝቅተኞች ናቸው። የአንድ ሜትር ቁመት በ400 ሜትር ርዝመት ላይ ተዘርግቶ ሲመጣ ዓይን አያየውም፤ ባሕሩ የተረጋጋ ይመስላል። ሲድኒ ባለችበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ጠረፍ ማንሊ ሃይድሮሊክስ ላቦራቶሪ የሚከታተላቸው ተንሳፋፊ መለኪያዎች ግን ያዩታል። ቁመቱ እምብዛም ሳይለወጥ ጊዜው ከ8 ወደ 16 ሰከንድ ሲዘል፣ ባሕሩ ሰላማዊ ነበር ተብሎ በሚጻፍበት በዚያው ጠዋት ማስጠንቀቂያው ለማንም ሰው ክፍት በሆነ ሰንጠረዥ ላይ ተቀምጧል።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ ሲያህል ነው። የ6 ሰከንዱ 28 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲነካ፣ የ16 ሰከንዱ 200 ሜትር ላይ መንካት ይጀምራል። ከዚያ ጀምሮ ይቀንሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ባሕር የገባውን የምድር አፍንጫ ከሁለት በኩል አቅፎ ጉልበቱን እዚያ ላይ ያከማቻል። ዓሣ አጥማጁ የሚቆመው ደግሞ ልክ እዚያ አፍንጫ ላይ ነው። ሲቀንስ ቁመቱ ያድጋል። በተለመደው የመሐንዲሶች ግምት፣ ጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ሜትር የነበረ የ6 ሰከንድ ሞገድ ሲሰበር 1.25 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የ16 ሰከንዱ ግን ወደ 1.9 ሜትር ይጠጋል። አሁንም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሀንት የተባለው መሐንዲስ ባቀረበው ቀመር መሠረት፣ ሞገድ በተዳፋት ላይ ሽቅብ የሚወጣው ከፍታ ከቁመቱና ከርዝመቱ ብዜት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይሄዳል። የሞገዱ ጊዜ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ቁመቱ ባይለወጥ እንኳ ውኃው የሚወጣው እጥፍ ከፍ ብሎ ነው። ትናንት ደረቅ የነበረው ዓለት ዛሬ የሚታጠበው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው ጥያቄ፣ ሰውየው ሲደርስ ባሕሩ ለምን ዝም አለ የሚለው ነው። ሁለት ከበሮ መቺዎች ትንሽ በተለያየ ፍጥነት ቢመቱ ምታቸው አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ ይለያያል፤ ሲገጥም ድምፁ ይጎላል፣ ሲለያይ ይሳሳል። የ14 እና የ15 ሰከንድ ሞገዶች አብረው ሲመጡም እንዲሁ ነው። በየ210 ሰከንዱ፣ ማለትም በየሦስት ደቂቃ ተኩሉ፣ አናታቸው ይደራረብና ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ በመካከል ባሕሩ ያርፋል። እውነተኛው ባሕር የተሠራው ከሁለት ሳይሆን ከብዙ ሞገዶች ድርብርብ ስለሆነ ዕረፍቱ አንዳንዴ ከዚህ በጣም ይረዝማል። በዕረፍቱ ሰዓት የደረሰ ሰው አየ፣ አመነ፣ ወረደ። የነፍስ አድን ሠራተኞች ከመውረድ በፊት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ያሻል የሚሉት ለዚህ ነው።

አሥር ደቂቃም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። የአየር ትንበያው የሞገድ ቁመት 2 ሜትር ነው ሲል ትልቁን ሞገድ መናገሩ አይደለም። የሚናገረው ጉልህ የሞገድ ቁመት ስለሚባለው ልኬት ነው፤ ይህም ከሞገዶቹ መካከል የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ስቨርድሩፕና ሙንክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ከባሕር ወደ ምድር የሚወርዱበትን ቀን ለመተንበይ ያዳበሩት ልኬት ነው። የአውስትራሊያ ሜትሮሎጂ ቢሮም አንዳንድ ሞገዶች ከተነገረው ቁመት እጥፍ ሊደርሱ እንደሚችሉ ከትንበያው ጋር ያስጠነቅቃል። ያን መስመር የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሎንጌት-ሂጊንስ የባሕር ሞገዶች ቁመት የሬይሊ ድልድል የሚባለውን የሒሳብ ሕግ እንደሚከተል አሳየ። ከሕጉ የሚወጡት ቁጥሮች ግልጽ ናቸው። ጉልህ ቁመቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጊዜው 10 ሰከንድ በሆነበት ቀን በሰዓት 360 ሞገድ ይመጣል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚጠበቀው ትልቁ 2.9 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት 3.4 ይሆናል፤ አምስት ሰዓት ለሚያጠምድ ሰው ደግሞ 3.9 ሜትር። ከ4 ሜትር በላይ የሆነ፣ ማለትም ከተነገረው እጥፍ የሚበልጥ፣ ከ3,000 ሞገድ አንዱ ነው፤ በስምንት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ አንዴ እንደማለት ነው። «ድንገተኛ» የተባለው እሱ ነው።

በብዙ የባሕር ዳር አገሮች ሰባተኛው ሞገድ ትልቅ ነው የሚል አባባል አለ። ይኸው ሒሳብ ከሰባት ሞገድ አንዱ ያህል ከጉልህ ቁመቱ እንደሚበልጥ ይናገራል፤ ስለዚህ አባባሉ ባዶ አይደለም። አደጋው ተራ መቁጠሩ ላይ ነው። ትልቁ ሞገድ ወረፋ አይጠብቅም፤ ሰባተኛው አልፏል ብሎ ወደ ጫፍ የወረደን ሰው ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ሊያገኘው ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የባሕር ሞገድ አጥኚዎችም እርስ በርስ የሚነታረኩት እዚህ ነው። የሬይሊ ሕግ የታላላቆቹን ሞገዶች ቁመት ከእውነታው ጥቂት አብልጦ እንደሚገምት በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች እስከ አንድ አሥረኛ ሊቀንሱ ይችላሉ። ሞገድ በሚሰበርበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ሕጉ ይፈርሳል። የሀንት ቀመር የተሠራው ለተዳፋት ነው፤ ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል ሥር ሞገዱ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲጋጭ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ሜዲትራኒያን የተዘጋ ባሕር ስለሆነ፣ በአሽዶድ ወይም በሃይፋ ድንጋዮች ላይ ለሚያጠምዱ ቤተ እስራኤላውያን የ16 ሰከንዱ ታሪክ እምብዛም አይሠራም፤ የድልድሉ ሕግ ግን እዚያም ይሠራል።

ከሕጉ የሚያፈነግጥ ሞገድ የለም ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ድራውፕነር የጋዝ መድረክ ላይ 25.6 ሜትር የሆነ ሞገድ ተለክቷል፤ በዚያ ሰዓት ጉልህ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። አንዱ ወገን ሞገዶች እርስ በርስ ጉልበት እየተሰራረቁ አንዱ ከሌሎቹ በላይ ያብጣል ይላል። ሌላው የተለመደው መደራረብና የአናት መሾል ይበቃል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የላቦራቶሪ ሙከራ ደግሞ፣ በ120 ዲግሪ ገደማ የተሻገሩ ሞገዶች ተመሳሳዩን ሞገድ በገንዳ ውስጥ ሊያስነሡ እንደቻሉ አሳይቷል። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ ዓለት ላይ የቆመውን ሰው ለመጣል ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከጉልበቱ በላይ የሆነ ፈጣን ውኃ ይበቃዋል።

ለመሆኑ ሰው ወደ ጫፉ ለምን ይጠጋል? ዓሣው እዚያ ስለሆነ ነው። በሲድኒ አካባቢ ድራመር የሚባለው ዓሣ የሚፈለገው ሞገድ ዓለቱን መትቶ በሚፈጥረው ነጭ አረፋ ሥር ነው፤ አረፋው ምግብ ከዓለቱ ይነቅላል፣ ዓሣውንም ይሸሽጋል። ለማጥመጃ የሚጠቀሙበት ከንጀቮይ የሚባለው እንስሳ ደግሞ ተጣብቆ የሚኖረው በዝቅተኛው የውኃ ልክ ላይ ነው። ከንጀቮይ ያለበት ዓለት ውኃ አዘውትሮ የሚጎበኘው ዓለት ነው ማለት ነው።

የኒው ሳውዝ ዌልስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለት ላይ ዓሣ ማጥመድ ደኅንነት ሕግ አውጥቷል። በሕጉ በተመረጡ አካባቢዎች ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታ ነው፤ መጀመሪያ የተተገበረውም በሲድኒው ራንድዊክ ነው። ጃኬቱ ዋናተኛንም ይጠቅማል፤ በአረፋ የተሞላ ውኃ ከተራው ውኃ ቀላል ስለሆነ ሰውን በደንብ አያንሳፍፍም።

ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ወደ ዓለቱ መመለስ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ሞገዱ ከሚሰበርበት ርቆ ወደ ባሕሩ ውስጥ መዋኘት፣ ከዚያ ተንሳፍፎ ርዳታ መጠበቅ ይሻላል። ባልደረባው ተከትሎት መዝለል የለበትም። በብዙ ቋጥኞች ላይ የተተከለውን የነፍስ አድን ቀለበት፣ እሱ ከሌለ ክዳኑ የተዘጋ የበረዶ ሣጥን ወርውሮለት 000 ይደውል፤ ኢመርጀንሲ ፕላስ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ የቆመበትን ቦታ ስለሚያሳየው ለኦፕሬተሩ ያንብብለት፤ እስኪደርሱለትም ዓይኑን ከሰውየው ላይ አያንሣ።