«አሰልጣኙን አባሩልን!»፦ ስለ ትናንሽ ከተሞች ክለቦች የሚወራውና እውነቱ

በሐይቅ ከተማ የኳስ ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሦስት ነገር ላይ ነው፤ በአሰልጣኝ፣ በብርና በሜዳ። ከተማችን ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች ደጋፊዋም ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ ደሴ ከተማ ሲጫወት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ሆጤ ስታዲየም ይወጣል። ሌላው ዓይኑን በውጫሌና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ ይጥላል። ፕሪሚየር ሊጉን ግን ሁላችንም የምናየው በቴሌቪዥን ነው። ሻይ ቤቱ ሞልቶ ወንበር ያጡት ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ፣ ጎል በገባ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «አሰልጣኙን አባሩልን!» ይላል፤ ሌላው ቀበል አድርጎ «ብር በሌለበት አሰልጣኝ ምን ያድርግ?» ይለዋል። ክርክሩን እወደዋለሁ። ነገር ግን የወሎ ክለቦች ወደ ላይኛው ሊግ እንዲመለሱ ከልባችን የምንፈልግ ከሆነ፣ በየጊዜው የምንደጋግማቸውን አባባሎች ከተፈጸመው ነገር ጋር ማስተያየት ይኖርብናል።

«አሰልጣኙ ከተባረረ ቡድኑ ይነቃል»

ከሁሉም በላይ የሚታመነው ይህ ነው፤ ማስረጃ ያለው ስለሚመስልም ከሰው አእምሮ ማውጣቱ ይከብዳል። ቡድኑ አራት ጨዋታ በተከታታይ ይሸነፋል፤ ቦርዱ አሰልጣኙን ያሰናብታል፤ ምክትሉ ይረከብና ሁለት ጨዋታ ያሸንፋል። ደጋፊው «አላልኳችሁም?» ይላል።

ሁለት የኔዘርላንድስ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ጃን ቫን ኡርስና ማርቲን ቫን ቱዪል፣ የአገራቸውን ከፍተኛ ሊግ የ14 ዓመት ውድድር ይዘው ይህንኑ ጉዳይ መርምረዋል። አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች ከስንብቱ በኋላ ውጤታቸው መሻሻሉን አዩ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግን የጥናቱን መልክ የቀየረ ነው። ልክ እንደነዚያ ተከታታይ ሽንፈት ደርሶባቸው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ክለቦችን ፈልገው አነጻጸሩ። እነዚህም በዚያው ልክ ተሻሽለው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክለብ አሰልጣኝ የሚያባርረው ውጤቱ ከአቅሙ በታች በወረደበት ሰዓት ነው፤ ከአቅም በታች የወረደ ውጤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው በሳምንቱ መድኃኒት ውጦ በማግስቱ ሲሻለው መድኃኒቱን እንደሚያመሰግነው ማለት ነው።

ታዲያ አሰልጣኝ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲያውም የእኛ ሊግ ተቃራኒውን ያሳያል። ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። ዓመቱ ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ዋንጫው የተወሰነው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ጅማ አዳማን 5 ለ 0 ረትቶ ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎል ልዩነት በለጠ። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደና እዚያም ዋንጫ አነሣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሦስተኛውን አነሣ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ይህን ያየ ሰው አሰልጣኝ ዋጋ የለውም ሊል አይችልም።

ልዩነቱ ያለው አሰልጣኙን በማባረርና አሰልጣኙን በመምረጥ መካከል ነው። ጥሩ አሰልጣኝ መርጦ ተጫዋቾቹን ራሱ እንዲመለምል፣ ዝግጅቱን ከክረምቱ ጀምሮ ራሱ እንዲመራ ማድረግ ውጤት አለው። በጥር ወር አባርሮ፣ ሌላ ሰው በመለመላቸው ተጫዋቾች ተአምር እንዲሠራ ሌላውን መጥራት ግን የውል ማፍረሻ ካሳ ከመክፈል የዘለለ ትርፍ ብዙም አያመጣም። ወላይታ ድቻን እንይ። መሳይ ተፈሪ ክለቡን ከታች ይዞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገው፤ ለዓመታት አብሮት ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣበት። ሶዶ ሀብታም ከተማ ስለሆነች አይደለም። ክለቡ ሰው መርጦ ጊዜ ስለሰጠ ነው።

«ብር ያለው ዋንጫውን ይወስዳል»፤ «ብር ምንም አይደለም»

ሁለቱም ይባላሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ።

ብር ወሳኝ መሆኑን መካድ ራስን ማታለል ነው። ከታችኛው ሊግ ያደገው ንግድ ባንክ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከጀርባው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ አለ። የእንግሊዝ ክለቦችን ሂሳብ ለዓመታት ያጠናው የምጣኔ ሀብት ምሁር ስቴፋን ሲማንስኪም ክለቦች በረጅም ጊዜ የሚይዙት ደረጃ ለተጫዋቾች ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ ጋር እጅግ የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። በሻይ ቤት ክርክር የማይነሣው ግን የግኝቱ ሌላኛው ግማሽ ነው። ለዝውውር የሚወጣው ገንዘብ ከደረጃው ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው። ማለትም ውጤት የሚያመጣው በየወሩ ሳይቋረጥ የሚከፈለው እንጂ በአንድ ቀን ለፊርማ የሚፈሰው አይደለም።

የእኛ ክለቦች ችግር እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ክረምት ላይ ለአዳዲስ ተጫዋቾች ፊርማ ይፈሳል፤ ሚያዝያ ላይ ደመወዝ ይቋረጣል። ደመወዝ ያልደረሰው ተጫዋች ልምምድ ያቆማል ወይም ለፌዴሬሽኑ ያመለክታል። ይህ በአንድ ክለብ ብቻ የታየ አይደለም፤ በሊጋችን ዓመት በመጣ ቁጥር የሚሰማ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጠው ነበር። ሐሳቡ ትናንሾቹን ለመታደግ ነበር። ነገር ግን ጣሪያ የተበጀለት ደመወዝ በሌላ በር መውጫ አያጣም፤ ጥቅማ ጥቅም ይባላል፣ ማበረታቻ ይባላል። የደሀ ክለብ ሂሳብ የሚስተካከለው ክለቡ ራሱ የማይችለውን ቃል መግባት ሲያቆም ነው።

ጅማ አባ ጅፋር ለዚህ ዋና ምስክር ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም የዚህ ክለብ ታሪክ ነው። በ2010 ሻምፒዮን ሆነ። በ2011 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ ከሜዳው ውጭ 2 ለ 0 ቢሸነፍም ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊን ማሸነፍ በዚህ አህጉር ቀላል ነገር አይደለም። ግን አሰልጣኙም፣ 23 ጎል አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም ዋንጫው እንደተነሣ በዚያው ክረምት ሄደው ነበር። ክለቡ ዋንጫ ካነሣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ዋንጫው በራሱ ተጫዋች አያሳድግም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ደመወዝም አይከፍልም።

«ስታዲየም ይሠራልን እንጂ!»

ይህን ስጽፍ ወልድያን እያሰብኩ ነው። የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሐይቅ፣ ከመርሳና ከቆቦ የሄደው ሰው ብዛት ልዩ ነበር። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ወንበሩ የተሟላ፣ በአገሪቱ ካሉት ምርጥ ሜዳዎች ተርታ የሚሰለፍ ነበር። ለሰሜን ወሎ ልጆች የሰጠውን ኩራት ማንም አይቀንሰውም፤ እኔም አልቀንሰውም።

ነገር ግን ወልድያ ከተማ ያን ስታዲየም ይዞ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከፕሪሚየር ሊግ ወርዷል። በመካከሉ የሆነውን ሁሉ በሜዳ ማመካኘት አይቻልም፤ የደጋፊ ግጭት ነበር፣ የፖለቲካው ውጥረት ነበር። ቢሆንም ስታዲየም ለተጨዋች ማረፊያና ለተመልካች ክብር እንጂ ለቡድን ጥንካሬ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሌላም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ከገዛ በኋላ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። አንድ ክለብ በከተማው ሜዳ ትኬት ሽጦ ገቢ የማግኘት ዕድሉ ጠበበ። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ሁለት መቶ ሚሊዮን ብር ሜዳ ላይ ቢያፈስስ ያ ሜዳ ፕሪሚየር ሊግ የሚያስተናግደው ከተመረጠ ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ ሩብ እንኳን ለአሥር ዓመት የታዳጊ ቡድን ማቆም ይቻላል። ለልምምድ የሚሆን፣ ክረምት ላይ ጭቃ የማይውጠው አንድ ደልዳላ ሜዳ ግን የግድ ነው፤ እሱን በዚህ ክርክር ውስጥ አልቆጥረውም።

«የውጭ አሰልጣኝ ካልመጣ…»

መልሱ አጭር ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ለ31 ዓመት ርቆት የነበረውን የአፍሪካ ዋንጫ መድረክ በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያገኘው በኢትዮጵያዊው ሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ነው። ቀጥሎ ለካሜሩኑ ውድድር ያበቃው ውበቱ አባተ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሰርቢያዊው አሰልጣኝ ሚቾ ጋር ያየ ሰው ከውጭ መጥቶ የሚጠቅም እንዳለ ያውቃል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት ጅማ፣ መቀሌና ጎንደር ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሡት በሙሉ በኢትዮጵያውያን አሰልጣኞች ነው።

«ትንሽ ከተማ ትልቁን አይችልም»

ለረጅም ጊዜ እውነት ይመስል ነበር። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. የሶዶው ወላይታ ድቻ፣ የጦና ንቦቹ፣ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ዛማሌክ የአፍሪካን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሣ ክለብ ነው፤ ድቻ ከተመሠረተ አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ያለፈው ግን ድቻ ሆነ።

ለእኛ ክልል ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ፋሲል ከነማ ይመስለኛል። ጎንደር ውስጥ ሁለት ክለብ ነበረ። ዳሽን ቢራ የፋብሪካ ክለብ ነበር፤ ገንዘብ ነበረው። በ2008 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደና ፈረሰ። ፋሲል ግን በዚያው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ አደገ። ወዲያው ዋንጫ አላነሣም። በ2011 እስከ መጨረሻው ቀን ለሊጉ ዋንጫ ተፎካከረና አጣው፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 በሥዩም ከበደ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ የሰበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ ዋንጫው ግን የአፄዎቹ፣ የፋሲል ሆነ። ከማደግ እስከ ሻምፒዮንነት አምስት ዓመት ወሰደ። በየመካከሉ ደጋፊው ማሊያ እየገዛ፣ መዋጮ እያዋጣ ጠበቀ። የባሕር ዳር ከነማም መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ በ2011 ሊጉን ተቀላቅሎ በ2015 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

«እዚህ ተጫዋች የለም»

ለብሔራዊ ቡድን ከተጫወቱት ሳላዲን ሰይድ የወጣው ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው፣ ጌታነህ ከበደ ከዲላ፣ ኡመድ ኡክሪ ከጋምቤላ። ከሐይቅ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን መንገድ ከሰዓት በኋላ የሄደ ሰው በየክፍት ቦታው ባዶ እግራቸውን የሚራገጡ ልጆች ያያል፤ ድንጋይ ጎል ነው፣ ኳሱ አንዳንዴ ካልሲ ነው። ግራ እግሩን እንደ ቀኙ የሚጠቀም ልጅ እዚያ መካከል አለ። የሌለው በ13 ዓመቱ አግኝቶት በሳምንት ሦስት ቀን የሚያሠለጥነው፣ ጫማ የሚሰጠው፣ ትምህርቱን የሚከታተል ሰው ነው።

ስለዚህ የደሴም የወልድያም ደጋፊ በሚቀጥለው ጊዜ ከክለቡ አመራር ጋር ሲሰበሰብ አራት ነገር እንዲጠይቅ እለምናለሁ። የአሰልጣኙ ውል የስንት ዓመት ነው? ደመወዝ እስከ ሰኔ የሚከፈልበት ገንዘብ ከአሁኑ ተመድቧል ወይ? ከ17 ዓመት በታች ቡድን አለ ወይ፣ ካለስ ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከመርሳና ከኮምቦልቻ ስንት ልጅ ይዟል? ካለፈው ዓመት ታዳጊዎች ውስጥ ወደ ዋናው ቡድን ያደገ አለ?  ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ያለው ክለብ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ቢሸነፍ እኔ አሰልጣኙን አባሩት አልልም።