20,000ው የት ገባ?

ፓወር ባንክ ምን እንደሆነ መብራት ጠፍቶበት ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያጣላው ቁጥሩ ነው። “20 ሺ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ስልኬ 5 ሺ ነው፤ አራት ጊዜ መሙላት ሲገባው ሦስቴም በመከራ ነው። ተበላሁ!” ይላል ገዢው። አንዳንዴ እውነትም ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ምስኪን ነው፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው።

ጀርባው ላይ የተጻፈው 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ውስጥ ያሉት የሊቲየም ሴሎች በራሳቸው ቮልት፣ ማለትም በ3.7፣ የሚይዙት ነው። የዩኤስቢው ቀዳዳ ግን በተለምዶ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ መሬት ላይ ያለውም ጣሪያ ላይ የወጣውም ሮቶ እኩል ሊትር ቢይዙም፣ ሻወሩን የሚያስወርደው የጣሪያው ነው። ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊትሩ ነው፣ ቮልት ከፍታው። ሁለቱ ተባዝተው የሚወጣው ዋት ሰዓት ነው ትክክለኛው ጉልበት።

እናባዛው። 20 አምፒር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያንኑ በ5 ቮልት ስናካፍለው 14,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይቀራል፤ ማንም አልሰረቀም። ከዚያ ላይ ቮልቱን ከፍ ለማድረግ የሚባክነው አለ፤ ፓወር ባንኩ ሲሠራ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ስልኩም በተራው ሲቀበል ይሞቃል። የ5 ሺው ስልክ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነውና፣ ሦስት ጊዜ ከሞላላችሁ አመስግኑት።

አሁንም ያልተዋጠለት ካለ የላፕቶፑን ባትሪ ገልብጦ ያንብብ። 11.4 ቮልት፣ 50 ዋት ሰዓት የሆነው ባትሪ በሚሊ አምፒር ሰዓት 4,400 እንኳ አይሞላም፤ ከስልኩ ያነሰ ይመስላል። የያዘው ጉልበት ግን የስልኩን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ቮልቱ ያልተነገረ ሚሊ አምፒር ሰዓት ምንም አይነግረንም ስል የምከራከረው ለዚህ ነው።

“መጀመሪያ ጨርሶ ይለቅ፣ ከዚያ ይሰካ” የሚለው ምክር ደግሞ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። ሊቲየም አዮን በ1991 እ.ኤ.አ. ሶኒ ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ዜሮ መድረስን የማይወድ ፍጡር ነው። እባካችሁ አታስርቡት፤ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ለወራት አትርሱት፤ ትራስ ሥር አድርጋችሁም ቻርጅ አታድርጉት።

የውሸቱን ፓወር ባንክ ለመለየት ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ሚዛን ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ልጅ፣ “ይሄ 50 ሺ ነው ጋሼ፤ ከዱባይ ሰው በእጁ ይዞት የመጣ!” አለኝ። ዋት ሰዓቱን ስጠይቀው፣ “ዋት? አምፖል ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። ከጎኑ ካሉት ቅመም ሻጭ ሚዛን ለምኜ ባስቀምጠው ሩብ ኪሎ አልሞላም። 18 በ65 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደው ክብ ሴል፣ ጥሩ የሚባለው፣ 3,500 ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱ ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። 50 ሺ ለመሙላት አሥራ አራት አሥራ አምስት ያህል ያስፈልጋል፤ ሴሎቹ ብቻ ሰባት መቶ ግራም ሊጠጉ ነው። ልጁ ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። ሴትዮዋ ተቆጡ።

በአውሮፕላን የሚፈቀደውም በዋት ሰዓት ነው፤ እስከ 100 ያለ ጥያቄ፣ እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ያውም በእጅ ሻንጣ ብቻ። ትላልቆቹ ፓወር ባንኮች 27,000 አካባቢ ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው፤ በ3.7 ሲባዛ 99.9 ይወጣል። እውነተኛ 50 ሺ ግን 185 ዋት ሰዓት ስለሆነ መንገደኛ ይዞት አይሳፈርም። ልጁ ስለ ዱባይ የነገረኝ እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም።