ልብስን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ስለሚሰጠው ጥቅም

በአዲሱ ገበያ ይነድ ከነበረው ባሕር ዛፍ ከፊሉ ከእንጦጦ ተራራ በሴቶች ጀርባ የሚወርድ ነበር። 20 ሊትር ውሃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከ15 እስከ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይፈጃል። ለዘወትር አጠባ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ እንዶድ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታሽ አረፋ አውጥቶ እድፉን ያስለቅቃልና።

ደግሞም ደም ወይም ወተት የነካው ልብስ በፈላ ውሃ ቢዘፈዘፍ፤ እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋ፤ እድፉ በክሩ ውስጥ ይረጋና እንቢ ይላል። የጥበቡ ቀለም ይለቃል፤ የበግ ጠጕር ባናም ይኰማተራል።

ነገር ግን ቅማል ያለበት ልብስ ከዚህ ውጭ ነው። ተስቦና ግርሻ በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ቅማሉንና ቅጫሙን አይገድለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልብስ በፈላ ውሃ መቀቀል ግዴታ ነው።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንት፤ እንጨቱ ከዘወትር አጠባ ተቈጥቦ ለበሽተኛ ልብስ እንዲውል ሕዝቡን ቢያስረዱ፤ ደኑም የሰውም ጤና አብረው ይጠበቃሉ።