በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተርዎ በማን እጅ ነው? የማስተካከያ ገጹን መክፈቻና መጠበቂያ መንገዶች

የፋይበር መስመር ባልደረሰበት መንደር፣ ለአጭር ጊዜ በተከራዩት ክፍል ወይም ብዙ ሠራተኞች አብረው በሚኖሩበት ሕንፃ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ኢንተርኔት ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ነው። መሣሪያው እንደ ስልክ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር ይገናኛል፤ ያገኘውንም ኢንተርኔት በዋይፋይ ያከፋፍላል።

ብዙ ተጠቃሚዎች ኢንተርኔቱ መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ መሣሪያውን ዳግም አይነኩትም። ሆኖም ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚልከውና የሚቀበለው መረጃ የሚያልፈው በዚህች ትንሽ ሣጥን ነው። የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ የተቆጣጠረ ሰው የቤቱን የኢንተርኔት በር ተቆጣጠረ ማለት ነው።

ስጋቱ መሠረት አለው። በአውሮፓውያኑ 2011 የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ 'ዲኤንኤስ ቼንጀር' በተሰኘ ጎጂ ሶፍትዌር ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች መጠቃታቸውን ይፋ አድርጎ ነበር። ዲኤንኤስ የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም፣ የስልክ ማውጫን የሚመስል አሠራር ነው። ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሮችን፣ አንዳንዴም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ራውተሮችን ወደ ሐሰተኛ ማውጫ ይመራ ነበር። ማውጫው ከተበረዘ የባንክዎን ስም አስተካክለው ጽፈው እንኳ ሌላ ገጽ ሊከፈትልዎ ይችላል።

ወደ ገጹ እንዴት ይገባሉ?

በመጀመሪያ ስልክዎን ወይም ኮምፒውተርዎን ከራውተሩ ዋይፋይ ጋር ያገናኙ። ቀጥሎ በኢንተርኔት ማሰሻው የአድራሻ ቦታ ላይ የራውተሩን ቁጥር ይጻፉ። በብዙ የሁዋዌ የሞባይል ራውተሮች 192.168.8.1፣ በብዙ የቲፒ ሊንክ ምርቶች ደግሞ 192.168.1.1 ነው። ትክክለኛው ቁጥርና የመግቢያው የይለፍ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛሉ። አድራሻው የቤት ውስጥ ስለሆነ ገጹ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል።

የይለፍ ቃሉ ይቅደም

ራውተሩ ሁለት የይለፍ ቃላት አሉት። አንዱ ዋይፋይ ለመጠቀም፣ ሌላው ወደ ማስተካከያ ገጹ ለመግባት ነው። ዋይፋይን ከጎረቤት ጋር መጋራት ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። ሁለቱን አንድ ዓይነት ማድረግም አይገባም።

በ2016 'ሚራይ' የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ራውተሮችንና የደኅንነት ካሜራዎችን የወረረው 60 ገደማ የታወቁ የፋብሪካ መግቢያዎችን በመሞከር ብቻ ነበር። ብሪታኒያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያላቸው ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ መሣሪያዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። ቀድሞ የተገዙትን መጠበቅ ግን የባለቤቶቹ ድርሻ ነው።

ሲም ካርዱ ገብቶ ኢንተርኔት ከሌለ

መጀመሪያ ገጹ የሲም ካርዱን ሚስጥር ቁጥር ጠይቆ እንደሆነ ይመልከቱ። በግምት አይሞክሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲም ካርዱ ይቆለፋል፤ መክፈቻው 'ፒዩኬ' የሚባለው ቁጥር ነው። እርሱንም አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ ከናካቴው ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል።

ቀጥሎ 'ኤፒኤን' የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ኤፒኤን ራውተሩ በሞባይል ኩባንያው በየትኛው በኩል ወደ ኢንተርኔት እንደሚወጣ የሚነግር ስም ነው። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሞላል፤ በተለይ ከሌላ አገር በመጣ ራውተር ግን የቀድሞው ኩባንያ ስም ተመዝግቦ ሊቆይ ይችላል። ስሙን ከኩባንያዎ ጠይቀው ያለ ፊደል ግድፈት በአዲስ መዝገብ ላይ ያስገቡ፤ ዋናው መጠቀሚያ አድርገውም ያስቀምጡ።

ግንኙነቱ ከተንቀራፈፈ 'አርኤስአርፒ' የተባለውን የኔትወርክ ጥንካሬ መለኪያ ይመልከቱ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። 80 ከዜሮ በታች ጥሩ፣ 110 ከዜሮ በታች ደግሞ ደካማ ነው። ራውተሩን ወደ መስኮት ማስጠጋት ብቻ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ከባሕር ማዶ ለሚልኩና ለሚከታተሉ

ለቤተሰብ ራውተር የሚልክ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ያረጋግጥ፦ መሣሪያው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑን፣ እንዲሁም በሚሄድበት አገር ያሉትን የኔትወርክ ሞገዶች መቀበሉን።

አገር ቤት ያለ ካሜራን ከውጭ ለማየት የሚሞክሩም አሉ። ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን የኢንተርኔት አድራሻ ለበርካታ ደንበኞች ስለሚያጋሩ፣ በራውተሩ ላይ በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። የካሜራው አምራች በሚያቀርበው አስተማማኝ መተግበሪያ መጠቀም ይሻላል። ራውተሩን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚያስችለው ማስተካከያ ግን በበቂ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር ተዘግቶ ይቆይ።

በመጨረሻም የዲኤንኤስ ክፍሉን ይመልከቱ፤ እርስዎ ያላስገቡት እንግዳ አድራሻ ካለ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱ። ይህ እርምጃ የይለፍ ቃሉንም ኤፒኤኑንም እንደሚያጠፋ አይዘንጉ። ስለዚህ አስቀድመው በወረቀት ይመዝግቧቸው፤ ከመለሱም በኋላ ዋይፋዩን ለማንም ከማጋራትዎ በፊት አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ፣ የራውተሩንም ሶፍትዌር ያድሱ።